ብቻውን የተነሳው እጅ

ቴሌቪዥን ውስጥ ዘመድ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ዝም ብሎ ማየትን አይደለም የምላችሁ። መፈለግን ነው። ስብሰባ ሲተላለፍ ወይ የኳስ ተመልካች ሲታይ፣ «ይኼ ዳር ላይ ያለው የኛው አበራ አይደለም?» ብሎ ከሶፋ መነሳትን፣ ስክሪኑን በጣት መጠቆምን። ካሜራ ደግሞ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልተፈጠረበትም። ልክ አገኘሁት ስትሉ ዞር ይልና ጣራውን ያሳያችኋል።

ቦዲቲ አንድ ቲማቲም ነጋዴ አውቃለሁ። ጋዜጠኛ ገበያ መሐል ቆማ ስለ ኑሮ ስታወራ እሱ ከኋላዋ ሸንኮራ እየገመጠ አለፈ። ማለፉ ብቻ ነው፣ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ ቀን ወዲህ የቦዲቲ ሰው ዋጋ ይወጣል ወይስ ይወርዳል ብሎ የሚጠይቀው እሱን ሆነ። «አንተ ቴሌቪዥን ላይ ነበርክ እኮ» ይሉታል። እሱም አያሳፍራቸውም፣ ትንሽ አሰብ ያደርግና «ይወጣል» ይላቸዋል። እስካሁን ተሳስቶ አያውቅም።

ለነገሩ የማወራችሁ ስለሱ አይደለም። ስለ ባለቤቴ ወንድም ነው።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። ከደብረ ብርሃን ለሁለት ዓመት ብቻ ተብዬ ሶዶ ተመደብኩ፤ ይኸው ዛሬ ልጆቼ በወላይትኛ ፊት ለፊቴ ሲያሙኝ ገብቶኝ እስቃለሁ። ባለቤቴ አስቴር የጉኑኖ ልጅ ናት። ታላቅ ወንድሟ ጋሽ ማቴዎስ ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ጉኑኖ ርዕሰ መምህር ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ ተማሪ ተቆጥቶ የማያውቅ፣ ሰው ሲናገር አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚያዳምጥ፣ እንዲያው ጨዋ የምንለው ዓይነት ሰው። መርጠው ላይኛው ምክር ቤት ላኩት።

ላይኛው ምክር ቤት ስትሉ ያው ከየብሔረሰቡ የተወከሉ ሰዎች የሚቀመጡበት ነው። እንደ ታችኛው ቶሎ ቶሎ አይሰበሰብም። በዓመት ጥቂት ጊዜ ይገናኛል፣ አጀንዳ ያጸድቃል፣ ሪፖርት ያዳምጣል፣ እጅ ያወጣል፣ ይበተናል። ሥራው ከባድ ነው፣ ግን ጸጥ ያለ ነው። ለጋሽ ማቴዎስ የተፈጠረ ቦታ ነው ብለን ደስ አለን።

ከሁላችንም የበለጠ የተደሰቱት እናቱ ናቸው። አዬ ባሎቴ ይባላሉ፤ አዬ ማለት በወላይትኛ እናት ማለት ነው። አማቴም ስለሆኑ እኔም አዬ ነው የምላቸው። ልጃቸው የተመረጠ ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት ተነሱ። ከፊት ወጥተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ጌታ ልጄን ከትልልቆች ጋር አስቀመጠልኝ» ብለው አመሰገኑ። ጉባኤው አሜን አለ። እልል ተባለ።

አሁን ነገሩን የሚያመጡት እትዬ ዶርቃስ ናቸው።

እትዬ ዶርቃስ የአዬ ጎረቤት ናቸው። የእንሰት አጥራቸው አንድ ነው፣ የጸሎት ቡድናቸው አንድ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚቀመጡበት አግዳሚ እንኳ አንድ ነው። ሲዋደዱ ለጉድ ነው። ግን የሁለቱ ፍቅር ያለ ክርክር አይሞቅም። የዝናቡን መምጫ ይከራከራሉ፣ የማን ቅቤ ይሸታል ብለው ይከራከራሉ። እትዬ ዶርቃስ ደግሞ ቤታቸው ቴሌቪዥን አለ። የአዬ ቤት የለም። እና አንድ ቀን ከጸሎት ሲወጡ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«ማቴዎስ ምክር ቤት ነው ያለው ይላሉ። ይሁን። እኔ ዜና አያመልጠኝም፤ አንድም ቀን ግን አላየሁትም።»

በቃ፣ ይህችን ብቻ ነው ያሉት። ክፋትም አልነበራቸውም፣ አላየሁም ያለ ሰው ምን አጠፋ? ወሬ ግን ስትጓዝ ትወፍራለች አይደል? ከጸሎት ቤት ወፍጮ ቤት ደረሰች። ከወፍጮ ቤት ገበያ ወጣች። ገበያ ስትደርስ «ማቴዎስ አዲስ አበባ የተቀጠረው ለጥበቃ ነው አሉ» ሆና አረፈች።

አዬ ሲሰሙ አልተቆጡም። ቁጣቸውን ብናይ በቀለለን ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፣ ለምስክርነት መነሳት ተዉ። ለካ ነገሩ የልጅ ኩራት ብቻ አልነበረም። ልጄ ከትልልቆች ጋር ተቀመጠ ብለው በጉባኤ ፊት መስክረዋል። ያ እውነት ካልሆነ በእግዚአብሔር ቤት ቆመው የዋሹ ሴት ሊባሉ ነው። በዚህ ዕድሜያቸው! አስቴር በስልክ ባወራቻቸው ቁጥር እያለቀሰች ትዘጋለች። እኔም አንጀቴን በሉት። ለኔ እኮ ጆሮ ደግፍ ሲይዘኝ ዱባ ያሰሩልኝ፣ እኔ ስታመም ከጉኑኖ በእግር ሊመጡ የተነሱ ሴት ናቸው።

ስለዚህ የሚቀጥለው ስብሰባ በቀጥታ እንደሚተላለፍ ሲነገር ነገሩ እዚያው ላይ እንዲያልቅ ተወሰነ። የወሰኑት አዬ ናቸው። እኛ ቤት ሶዶ መጥተው ያያሉ። ብቻቸውን ግን አይደለም፣ እትዬ ዶርቃስን ይዘው ነው የሚመጡት። «በዓይኗ አይታ እሷው ትመስክር» አሉ። እትዬ ዶርቃስም አላንገራገሩም። «እኔ ጠላት አይደለሁም። ካየሁ አየሁ እላለሁ» አሉና ጫማቸውን ቀየሩ።

አንድ ችግር ነበረ። የአዬ ዓይን ደከም ብሏል። ከሩቅ መልክ አይለዩም። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ልጃቸውን እንዴት ያገኙታል? አስቴር ደወለች፣ ጋሽ ማቴዎስም ዘዴ አመጣ፤ «ዱንጉዛ እለብሳለሁ በያት» አለ። ዱንጉዛን ታውቁታላችሁ መቼም፣ ያ ቀይና ቢጫና ጥቁር መስመሩ ከዳሞት ተራራ ማዶ የሚታየው የወላይታ ልብስ። በሱፍና በከረባት መሐል አንድ ዱንጉዛ የለበሰ ሰው ቢኖር ማንስ ያጣዋል? ዘዴው ዘዴ ነበር።

በዕለቱ ሁለቱ እናቶች በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሱ። አዬ ቦዬ የሚባለውን የወላይታ ሥራሥር ቀቅለው በቅርጫት፣ እትዬ ዶርቃስ ደግሞ ዳታ በብልቃጥ ይዘዋል። ዳታ ማለት አፍ ላይ እሳት የሚያነድ የወላይታ በርበሬ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላለው ወንድሜ አንዴ ልኬለት እስካሁን ይቅር አላለኝም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሶፋ ላይ ተቀመጡ። እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ከጎናቸው በርጩማ ላይ ተመደብኩ፤ አማርኛ ሁለቱም ይሰማሉ፣ የምክር ቤት አማርኛ ግን ሌላ ነው። እኔንም አንዳንዴ አስተርጓሚ ያስፈልገኛል።

ተጀመረ። መጀመሪያ መዝሙር ሆነ፣ አባላቱ ሁሉ ቆሙ። አዬ እነሱ ሲቆሙ አይተው ቆሙ። እኛንም አስቆሙን። መዝሙሩ ሲያልቅ አባላቱ ተቀመጡ፣ አዬ ግን ሰው ከቆመ አይቀር ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎት ጀመሩ። ለአፈ ጉባኤዋ ጸለዩ፣ ለአባላቱ ጸለዩ፣ ለካሜራ ሠራተኛው እንኳ ዓይኑን እንዲያበራለት ጸለዩ። አፈ ጉባኤዋ መዶሻዋን ጠረጴዛው ላይ ስታሳርፍ ሁለቱም በአንድ ድምፅ «አሜን» አሉ።

ከዚያ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተነገረ። ካሜራው አዳራሹን ዞር ዞር ብሎ አሳየ። ወይ ጉድ! ለካ ያን ዕለት አባላቱ ሁሉ በየባህል ልብሳቸው እንዲመጡ ተነግሯቸው ኖሯል። አዳራሹ የሰርግ ቤት መስሏል። ላባ የሰካ አለ፣ ጋቢ ያጣፋ አለ፣ ዶቃ በዶቃ የሆነች አለች። ይሁን፣ ዱንጉዛ እንኳ ይለያል ብለን ስንፈልግ አገኘን። አንድ። ከጎኑ ሌላ። ከኋላ ደግሞ ሌላ። ከወላይታ የተወከለ የኛ ሰው ብቻ ነው እንዴ!

አዬ ወደ ስክሪኑ ዘንበል ብለው ቆዩና፣ «ሦስት ናቸው። እኔ የወለድኩት ግን አንድ ነው» አሉ። አስቴር «መሐለኛው ነው» አለች። እኔ «አይ፣ የኋለኛው ነው» አልኩ። ካሜራው ዞረ። እትዬ ዶርቃስ ቦዬ በዳታ አጥቅሰው ጎረሱና በሰላም፣ ያለ ምንም ክፋት፣ «አላየሁትም» አሉ።

የዕለቱ አጀንዳ ቀረበ። አፈ ጉባኤዋ «የምትደግፉ?» አለች። የእጅ ደን በቀለ። አዬ ተስፋቸው ሞቅ አለ፣ «የሱ የቱ ነው?» አሉ። የቱ ይባላል? ቅጠል ይቆጠራል? «የምትቃወሙ?» የለም። «ድምፀ ተአቅቦ?» የለም። አጀንዳው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ቀረበ፤ ያው ደን፣ ያው ዝምታ፣ ጸደቀ። አዬ ዞር ብለው «ያቺ ሦስተኛዋ ምንድን ናት?» ብለው ጠየቁኝ። ድምፀ ተአቅቦን ነው። «ሰውየው እሺም አላለም፣ እምቢም አላለም ማለት ነው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «አፉ ውስጥ ምግብ አለ ማለት ነው?» አሉ። እንዲያ በሉት፣ ይቀራረባል አልኳቸው።

ከዚያ ሪፖርት መጣ። ሪፖርት ታውቃላችሁ። «ከዚህ አኳያ» ይልና «ከዚህም አንጻር» ይላል። እኔ መተርጎሙን ጀምሬው ነበር፣ ሦስተኛው አረፍተ ነገር ላይ አቅቶኝ «ሥራው ጥሩ ነው፣ ግን ይቀራል ነው የሚለው» ብዬ ገላገልኩት። እትዬ ዶርቃስ አሸለቡ። አዬ ግን ዓይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም። ዕንባ እስኪያቀርር ድረስ አፍጥጠው ያ ደካማ ዓይናቸው ልጃቸውን ይፈልጋል። ልጃቸው እዚያ ነው፣ ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ለሳቸው የለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ያን ጊዜ ያንን ካሜራ የያዘውን ሰው ባገኘው አንገቱን ይዤ ወደ ዱንጉዛዎቹ ባዞርኩለት ነበር።

የሻይ ዕረፍት ሆነ። ስልክ ጮኸ። ራሱ ጋሽ ማቴዎስ ነው፣ በሹክሹክታ፣ «አየችኝ?» ይላል።

አስቴር ነገሩን ዘረገፈችለት። ዱንጉዛው አልረዳም፣ እጅህም ከሰው እጅ ተደባልቋል፣ እትዬ ዶርቃስ እዚህ ተኝተውብናል አለችው። ይህን ጊዜ አዬ ስልኩን ተቀበሏት። በወላይትኛ ነው የተናገሩት፣ እኔ በአማርኛ ልንገራችሁ።

«እጅህን አንሳልኝ» አሉት።

አነሳሁ እኮ አዬ፣ ሁለት ጊዜ አነሳሁ አላቸው።

«ሰው ሁሉ ሲያነሳማ ምን ይጠቅመኛል? ብቻህን አንሳ።»

 ብቻዬን? አለ ጋሽ ማቴዎስ።

«ብቻህን። እኔ እንድለይህ። ለዚህች ሴትም እንድትታይ።» ስልኩን ለአስቴር መለሱላት፣ ነገሩ ለሳቸው አልቋል።

እስቲ አሁን ራሳችሁን በጋሽ ማቴዎስ ቦታ አድርጉ። የእናቱን ቃል አንድ ጊዜ አልፎ አያውቅም። ግን ላይኛው ምክር ቤት ውስጥ ሰው ብቻውን እጁን የሚያነሳው መቼ ነው? ለመናገር ዕድል ሲፈልግ እንዳይባል፣ ተናጋሪዎቹ አስቀድመው ተመዝግበዋል። ለመደገፍ ብቻውን አይሆንም። የሚቀረው መቃወም ነው። ጋሽ ማቴዎስ ደግሞ በሕይወቱ የተቃወመው ነገር ቢኖር ተማሪ እንዳይገረፍ ብቻ ነው። በኋላ እንደነገረን ከሻይ ሲመለስ ላብ አጥምቆታል። ሪፖርቱን ልቃወም? ሰዎቹ ለፍተውበታል። የኮሚቴውን ሹመት ልቃወም? የሰው ስም አለበት፣ ሰው ይቀየማል። ከረፋድ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ማንንም የማይጎዳ ተቃውሞ ሲፈልግ ቆየ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አገኘው።

አፈ ጉባኤዋ ሰዓቷን አየች። የቀረው አጀንዳ ጥቂት ስለሆነ ለምሳ ሳንወጣ እንጨርሰው፣ ስብሰባው ይራዘም የምትሉ? አለች። ደኑ በቀለ። «የምትቃወሙ?» አለች፣ መቼም ልማድ ነው፣ ዓይኗ ቀድሞ ወደ ወረቀቷ ወርዷል፣ ለድምፀ ተአቅቦ አፏን ከፍታለች።

አንድ እጅ ወጣ። ከዱንጉዛ እጅጌ ውስጥ፣ ቀጥ ብሎ፣ ብቻውን።

ካሜራው እንዴት ደስ እንዳለው! ጠዋት ሙሉ ሪፖርት ሲቀርጽ የዋለ ሰው እንዴት አይደሰት? ዘሎ ሄዶ የጋሽ ማቴዎስን ፊት ስክሪን ሙሉ አደረገው። ጺሙ፣ መነጽሩ፣ ግንባሩ ላይ ያለችው የልጅነት ጠባሳ ሳትቀር። አስቴር ጮኸች። አዬ ከሶፋው ተነስተው ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዱና መዳፋቸውን ስክሪኑ ላይ ጉንጩ ጋ አሳረፉ። «ልጄ» አሉ። «ይኸው ልጄ!» ዕንባቸው በቃ ወረደ።  እትዬ ዶርቃስ በጩኸቱ ነቅተው ትክ ብለው እያዩ ነው።

ምነው ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ!

አፈ ጉባኤዋ ቀና አለች። ተቃውሞ አይታ የማታውቅ አይደለችም፣ ምሳ ሰዓት ላይ ግን ገረማት። «ክቡር አባል፣ የተቃውሞዎን ምክንያት ቢያስረዱን» አለች። ጋሽ ማቴዎስ ቆመ። ይኼን አላሰበበትም ነበር። እጅ ማንሳት ብቻ ነበር የታዘዘው። ውሸት አይችልበትም፣ እናቴ አዘዘችኝ ማለት ደግሞ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አይባልም። አንዱን እውነት ማለት ካልተቻለ ሌላ እውነት ፈለገ። ድምፁን ጠራርጎ፣

«ክብርት አፈ ጉባኤ፣ ምሳ ሰዓት ደርሷል» አለ።

አዳራሹ ፈረሰ። ላባ የሰካው ሳቀ፣ ጋቢ ያጣፋው ሳቀ። አፈ ጉባኤዋ ራሷ በወረቀት አፏን ሸፈነች። ከኋላ አንዱ «ወላይታን ከምሳ ጋር አታጋጩ!» ብሎ ሲናገር በማይኩ ተሰማ። የሶዶን ቁርጥ የማያውቅ የለም መቼም፣ ሰዉ የፈለገውን ይዞ ይስቃል። ስብሰባው በአንድ ተቃውሞ፣ በአብላጫ ድምፅ ተራዘመ። ጋሽ ማቴዎስ አቀርቅሮ ተቀመጠ።

 እኛ ቤት የምተረጉመው ነገር አልነበረም፣ ይህን አማርኛ ሁሉም ሰምቶታል። አዬ እጃቸውን ከስክሪኑ አነሱ።

እትዬ ዶርቃስ ቀስ ብለው የበሉበትን ሳህን አስቀመጡ። «እሱ ነው» አሉ። «አሁን አየሁት። ራሱ ነው። ልጅ ሆኖም ከኔ ጓዳ ቦዬ ሳይበስል ያወጣ ነበር።»

ያ ሁሉ ወር የጠበቅነው ምስክርነት ይኸውላችሁ! አዬ ግን ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ወደ ሶፋቸው ተመለሱ፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡና፣ «አይደለም» አሉ።

«እንዴት አይደለም?»

«ልጄ ጨዋ ነው። በሰው ፊት ራበኝ አይልም። ይኼ መልኩ የሚመስል ሰው ነው።»

«ኧረ ባሎቴ፣ ጠባሳው እኮ ከኔ አጥር ላይ ወድቆ ያመጣው ነው!»

«ጠባሳ ያለው ሰው ብዙ ነው።»

አያችሁ ጉዳችንን? ጠዋት አለ ያሉት የለም አሉ፣ የለም ያሉት አለ ብለው ይምላሉ። አስቴር መሐላቸው ቆማ መሳቅ ይሁን ማልቀስ ጠፍቷታል። በዚያ ላይ ስልኩ አላስቀምጥ አለን። ተበላ ከተማ ያለው የእነ አስቴር አጎት ልጅ ደወለ፣ «ሰውየው ምሳ በላ ወይ?» ይላል። የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ደወለ። በማግስቱ እኔ ራሴ ማስተማሪያ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ሰዓታቸውን እያዩ ጠበቁኝ።

ጋሽ ማቴዎስ ቅዳሜ መጣ። ሁላችንም ጉኑኖ ሄድን። ከሚኒባስ ሲወርድ ረዳቱ «ምሳ አለፈዎት?» አለው፣ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ፈገግ አለ። እሱ ለሁሉም አንገቱን ሰበር እያደረገ ሰላምታ ሰጠ። ቤት ስንገባ አዬ አልሳሙትም። ምግብ አቀረቡ። ደግሞ አቀረቡ። ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራው ሙቹዋ መጣ፣ ቦዬ መጣ፣ እርጎ መጣ፤ እሱ ሲበላ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ጉርሻውን በዓይናቸው ይከተላሉ። ሲበቃው እጁን ሊሰበስብ አለ።

«ብላ» አሉት። «እዚያ የሚያበላህ የለም መሰለኝ።»

ያን ጊዜ ነው ማዕዱን ገፋ ያደረገው። «አዬ፣ እኔ አልራበኝም ነበር» አለ። «ብቻህን አንሳ አልሽኝ። ብቻዬን የሚነሳ ሌላ እጅ አጣሁ። ያ ማንንም አይጎዳም ብዬ ነው።»

 አዬ ያን ስልክ የረሱት አይመስለኝም። ግን ልጃቸው አንድ ደህና ቦታ ፈልጎ የሚያነሳ መስሏቸው ነበር እንጂ ለሳቸው ብሎ በአገር ፊት እንደሚሳቅበት መች አሰቡ? ተነሱ። ራሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ያቺን ጠባሳ ሳሟት። 

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ምስክርነት ያለው አለ? ሲባል አዬ ተነሱ። ከስንት ጊዜ በኋላ! ሰዉ ወደ ኋላ እየዞረ አየ። ከፊት ቆመው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ልጄ ራበኝ አለ ብላችሁ ስትስቁ ሰንብታችኋል» አሉ። «ልጄ አልራበውም። እኔ ነኝ። ዓይኔ ደክሞ አልለይ ስላለኝ፣ ሰውም ልጅሽ እዚያ የለም ስላለኝ፣ ብቻህን እጅህን አንሳ አልኩት። እሱ ከኔ ቃል ክብሩ አልበለጠበትም። ልጄ ከትልልቆች ጋር ተቀምጧል ብዬ መስክሬ ነበር፣ አልዋሸሁም። ጌታ ይመስገን።»

አሜን የሚል ጠፋ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ከዚያ ከአዬ አግዳሚ አንድ ሰው ተነሳ፣ እትዬ ዶርቃስ ናቸው። «እኔም አይቻለሁ» አሉ። «በዓይኔ አይቻለሁ።» እነሆ ያን ጊዜ ነው አሜን የሆነው፣ ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ስብከት ይወጣው ነበር። ምን ያደርጋል፣ አላለቀም።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በሩ ላይ ሰው ተሰልፏል። የተሰለፈው ግን ለጋሽ ማቴዎስ አይደለም። እሱ ዳር ቆሞ የናቱን መጽሐፍ ቅዱስና ጃንጥላ ይዟል። ሰልፉ ለአዬ ነው! አንዱ ስለ መንገዱ ይነግራቸዋል፣ አንዷ ስለ ውሃው፣ አንዱ ከክረምት ጀምሮ ስለተቃጠለው ትራንስፎርመር። «ማቴዎስ እኮ አጠገብህ ነው፣ ለምን ለሱ አትነግረውም?» አልኩት አንዱን። እንደ ሞኝ አየኝ። «እሱማ ይታዘዛል» አለኝ፣ «እኔ የሚያዙትን ይዣለሁ።» አዬ እያንዳንዱን ሰው አንገታቸውን ሰበር አድርገው አዳመጡ። ለካ ጋሽ ማቴዎስ ያንን ከማን እንደወረሰው! ሁሉንም ሲያበቁ «ይታያል» እያሉ ሸኟቸው። የመጨረሻዋ ባለጉዳይ እትዬ ዶርቃስ ነበሩ። በሚቀጥለው ስብሰባ ለሳቸውም አንዴ እጁን እንዲያነሳላቸው ነው የጠየቁት። «ይታያል» ተባሉ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ማቴዎስን ሚኒባስ ድረስ ሸኘነው። አዬ ባርከውት ሲያበቁ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር በእጁ አስያዙት። ገና ትኩስ ነው፣ ቦዬ ነው።

«ከእንግዲህ ብቻህን አታንሳ፣ አይቼሃለሁ» አሉት። «ስብሰባው ምሳ ላይ ከገፋ ደግሞ ይቺን ወደ አፍህ አድርግና ድምፀ ተአቅቦ ሁን።»